ተማሪው ትናንት ምን በላ?

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንዲት ወጣት ደብረ ብርሃን ያለውን ቤቴን አንኳኳች። ከጤና መሥሪያ ቤት መምጣቷን ነገረችኝና ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጥያቄዋን ጀመረች። ወላጆች ተማሪ ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚመግቡና ስለዚያም ምን እንደሚያስቡ ነው የምታጠናው። «አባባ፣ እዚህ ቤት ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። ሌላ አብሮኝ የሚኖር ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። እሱም የለም አልኳት። ወረቀቷን ሰብስባ አመሰገነችኝና ወደ ጎረቤት አለፈች።

ከፋኝ። ቁጭ ብላ ትንሽ ብታዋራኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ብርቅ ነው። ደግሞም ሥራዋን አውቀዋለሁ። የጡረታ ወረቀቴ ድሬሰር ይለኛል፤ ዕድሜዬን የፈጀሁትም ቁስል ሳጥብና መርፌ ስወጋ ነው። አሰላ ሠርቻለሁ፣ ጎባ ሠርቻለሁ፣ ፍቼ ሠርቻለሁ። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፣ ዝውውሩ ግን አያልቅም ነበር። ሥራዬ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን በመጀመሪያው ምድቤ፣ መቀሌ ላይ፣ ልክ እንደዚህች ልጅ በር እያንኳኳሁ «ተማሪው ትናንት ምን በላ?» ስል ነው።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። አዲስ አበባ የድሬሰርነት ትምህርቴን እንደጨረስኩ ወደ መቀሌ መደቡኝ። በጭነት መኪና ላይ ከጆንያ ጋር ተጭኜ፣ አቧራ ጠጥቼ ገባሁ። ትግርኛ አላውቅም። ሰዉ ጨዋ ነው፣ መንገድ ላይ ሳያቋርጥ ሰላም ይለኛል፤ እኔም በቃሌ የያዝኩትን ሰላምታ እመልሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋናል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሰው ሁሉ ወደየዘመዱ ቤት ይበተናል። እኔ ወደ ተከራየኋት ክፍሌ እመለስና በሬን ዘግቼ የሰውን ሳቅ በግድግዳ ማዶ አዳምጣለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ብቸኝነት በሽታ የሆነ ይመስለኝ ነበር፤ መድኃኒት ቤታችን ውስጥ ግን የሚታዘዝለት ነገር አልነበረም።

በክሊኒኩ የበላዬ አቶ ሐጎስ ነበሩ። የከተማው ተወላጅ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከወሬ ይልቅ ዝምታ የሚቀናቸው ሰው። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲናደዱ ግን ወደ ትግርኛ ይገባሉ፣ እኔም በዚያ ነው መናደዳቸውን የማውቀው። ቁስል ከማጠባቸው በፊት በሽተኛውን ስለ ከብቱ ይጠይቁታል። ሰውየው ስለ ላሙ ሲያወራ ፋሻው ተፈትቶ ያልቃል።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ወደ ክሊኒኩ መጡ። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ለሥራቸው የሚንገበገቡ ሰው ናቸው። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ልጆች እየወደቁ ተቸግረው ነበር። አንዱ ይዝለፈለፋል፣ ሌላው ጥቁር ሰሌዳው ይጠፋብኛል ይላል። አገረ ገዢው ለምሳ የሚሆን እህል ከጎተራ ሊሰጡ ፈቃደኛ ነበሩ፤ ነገር ግን ልጆቹ የሚወድቁት ከማጣት መሆኑ ይረጋገጥልኝ ብለዋል። የጾም ነገር ከሆነ ቄስ ይምከራቸው እንጂ እህል አያሻውም ነው ነገሩ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው ጾም ነው ባይ ነበሩ። ወላጆችን ቤት ለቤት እንድንጠይቅ፣ ምን እንደሚያበሉ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያስቡም እንድናውቅ ፈለጉ።

አቶ ሐጎስ ሥራውን አስተማሩኝ። ከመግባትህ በፊት ብላ አሉኝ፤ የራበው ሰው ዓይኑ ወደ ድስት ይሄዳል። ራሳቸው ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ የገብስ ቆሎ ይይዙና በር ላይ ሳይደርሱ ይጨርሱታል፤ አፋቸውንም በእጃቸው ይጠርጋሉ። ገብተው በር አጠገብ ይቀመጣሉ። ወረቀት አያወጡም። ልጁ በላ ወይ ብለውም አይጠይቁም። የትኛዋ እናት ነች ልጄ አልበላም የምትለው? እሳቸው የሚጀምሩት ከእሳቱ ነው። ትናንት ጠዋት ስትነሱ እሳቱን ማን አነደደው ይላሉ። ከዚያ ምን ተጣደበት፣ ምን ወጣ፣ ማን ቀድሞ በላ፣ ማን መጨረሻ በላ። እናትየዋ ስለ እንጨት ውድነት ስታማርር የቤቱ ምግብ ሁሉ አንድ በአንድ ይዘረዘራል። እሳት ያልነደደበት ቤት ደግሞ ተማሪው በልቷል ቢባልም አልበላም ማለት ነው። ሲወጡ ልጁን እንደመሳም ያቅፉትና የክንዱን ሥጋ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ይለኩታል።

አንድ ደንብ ነበራቸው፤ በምንጠይቅበት ቤት አንበላም። የቀረበልህ የልጁ ድርሻ ነው፣ እሱን በልተህ ልጁ ምን በላ ብለህ ብትጠይቅ ማንን ትጠይቃለህ ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። እንግዳ እንቢ ሲል ግን ቅሬታው ከባድ ነው፣ ስለዚህ ጾም ላይ ነኝ እያልን እናመልጣለን። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር ማምለጡ ቀላል ነበር።

አስተሳሰባቸውን ለማወቅ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አንድ እንጀራ ብቻ ቢኖር፣ ከብት የሚጠብቀውና ትምህርት ቤት የሚውለው ልጅ ማን ይቅደም? አንድ የጨው ነጋዴ በጣም ሳቀብኝ። ግመል የሚነዳው ይብላ እንጂ፣ አለኝ፣ ተማሪው ምን አለበት፣ ተቀምጦ አይደል የሚውለው? እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ አልነበረም። ሰውየው ልጁን ይወዳል፤ ትምህርት እንደሚያስርብ ግን ያወቀበት ጊዜ የለም። በተቃራኒው ከወሎ የመጣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ልጁን ኪሱ ውስጥ ዳቦ ሳይጨምርለት እንደማይሸኘው ነገረኝ። በአማርኛ ሳወራው ደስ ብሎት ካልበላህ ብሎ ያዘኝ። ከቤቴ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ያለ ግብዣ ቀርቦልኝ አያውቅም ነበር። ደንቡን አስቤ ተነሣሁና ምንም ሳልቀምስ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ሲያሳዝነኝ የዋለው ሰውየው ይሁን ራሴ አላውቅም።

በዚያ ጾም የሰበሰብነው መልስ ለምንም አልሆነም። ቤቱ ሁሉ «ጾመኛ ነው» አለን። ያለው ሰው ልጁን ጠዋት አብልቶ፣ ጾም አፈረሰ እንዳይባልበት ጾመኛ ነው ይላል። የሌለውም ጾመኛ ነው ይላል። የጠገበውና የራበው በአንድ ቃል ተደበቁብን። ዳይሬክተሩ አላልኳችሁም ነበር አሉን። አገረ ገዢውም እህሉን ያዙት።

አቶ ሐጎስ ተናደዱ። በትግርኛ ብዙ ተናግረው ሲያበቁ በአማርኛ የነገሩኝ ይህን ብቻ ነው። «ስማ ወደይ፣ ስማ ልጄ፣ በሃምሳው እንጠይቃለን። በሃምሳው ማንም አይጾምም።»

ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ጊዜ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በዚያ ወቅት ያልበላ ልጅ ያጣ ልጅ ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ እኔም ዳይሬክተሩም ስንጾም ያደግን ሰዎች ነን፣ ሳናስበው ቀርተን ነበር። ዳይሬክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ብለው ፈቀዱ።

እኛ ግን ያላሰብነው ሌላ ነገር ነበር። በሃምሳው ማንም የማይጾም ከሆነ፣ እኛም ጾም ላይ ነኝ ብለን ማምለጥ አንችልም። እንደ ምንም ብለን ጠገብኩ፣ ሆዴን ያመኛል፣ ሐኪም ሥራ ላይ አይበላም እያልን ሰበብ ፈጠርን። ሰዉ ቅር እያለው ተወን።

በትምህርት ቤቱ ምሕረት የምትባል ልጅ ነበረች። ሴት ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ከነዚያም ውስጥ በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም። እናቷ ወይዘሮ ለተስላሴ ባላቸው የሞተባቸው ሸክላ ሠሪ ናቸው። ሸክላ ሠሪን ሰው እንዴት እንደሚያይ የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል። ቡዳ ናቸው ይባላል። ድስታቸውን ገዝቶ ይበላበታል፣ ከቤታቸው ግን እህል አይቀምስም፣ እነሱም ሲበላ እንዲያዩት አይፈልግም። ልጅቷን ዳይሬክተሩ ናቸው ተከራክረው ያስገቧት። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ቆሏቸውን ሲያወጡ እሷ ከሕንፃው ጀርባ ትሄዳለች። እኔ ለብቻዋ መጫወት የምትወድ ይመስለኝ ነበር።

ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ወደ ዓይደር በሚወስደው በኩል፣ ጭቃው የሚቆፈርበት አጠገብ ነው። ለብቻዬ ሄድኩ፤ ትግርኛዬ ያን ጊዜ ለጥያቄው ያህል ይበቃኝ ነበር። ወይዘሮ ለተስላሴ ደግሞ ገበያ ላይ ለወታደሩ ሁሉ ድስት ሲሸጡ የለመዱት አማርኛ ነበራቸው። ገና በር ላይ ሲያዩኝ ሊያምኑ አልቻሉም፤ ከመንግሥት ቤት የመጣ ሰው ቤታቸው ሲገባ የመጀመሪያው ነኝ መሰለኝ። መቀመጫውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ውኃ አምጥተው እጄን ሊያስታጥቡኝ ቆሙ። ከዚያ በሸክላ ሰሐን ቅጫ የሚሉትን ቂጣና ሽሮ አቀረቡ።

እንደ ደንቡ እንቢ አልኩ።

«ጾም የለም እኮ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ጠግቤ ነው የመጣሁት አልኳቸው። ወይዘሮ ለተስላሴ ሰሐኑን አነሡት፣ ከደኑት፣ ወደ ጓዳ መለሱት። ከዚያ በኋላ ለምጠይቀው ሁሉ በአጭሩ መለሱልኝ። ትናንት እሳት ነደደ ወይ? አዎ፣ ትልቅ እሳት ነደደ። ልጅቷ በላች ወይ? በልታለች። ጠዋትም፣ ማታም በልታለች። እኔም ሥራዬ ተቃንቶልኝ ወጣሁ።

በማግስቱ ምሕረት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ከዚያም በኋላ አልመጣችም። ዳይሬክተሩ መምህር ቢልኩባቸው እናትየዋ ልጄ ጭቃ ትርገጥ፣ ትምህርት ለኛ አይደለም ብለው መለሱት።

ለአቶ ሐጎስ ነገርኳቸው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ብዙ ሰው በእጄ ላይ ሞቶብኛል፣ እንደዚያ ዕለት ግን የተዋረድኩበት ቀን የለም። አቶ ሐጎስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አቀረቡልህ ወይ? አቀረቡልኝ አልኩ። እንቢ አልክ? እንቢ አልኩ። የሚያጥቡትን ማንቆርቆሪያ አስቀመጡት።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ግን እኔ ሸክላ ሠሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ሰበብ አግኝቼ አልፈዋለሁ። በሌላው ቤት እንቢ ስትል ሥራው ነው ይሉሃል። እዚያ ቤት እንቢ ስትል ግን ምን እንዳልካት ታውቃለህ?»

አወቅሁ። ደንቡ የልጁን ድርሻ ለማዳን የወጣ ነው፤ እዚያ ቤት ግን ሰው ሁሉ ሲላቸው የኖረውን ስድብ በመንግሥት አፍ ደገመላቸው። ይቅርታ መጠየቅ የሚያወጣው ነገር አልነበረም፤ አልጸየፍኩዎትም ብሎ መናገር ራሱ ስድብ ነው። አቶ ሐጎስም አብሬህ ልሂድ አላሉኝም። የሄድክ አንተ ነህ፣ የምትመለሰውም አንተ ነህ አሉኝ።

እህል ሳልቀምስ ሄድኩ። ወይዘሮ ለተስላሴ ደጃፍ ላይ ጭቃ እየሠሩ ነበር። ምሕረት አጠገባቸው ናት፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆኗል። እናትየዋ ቀና ብለው አዩኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ማን ላከህ አሉኝ። ማንም አልላከኝም አልኩ። ታዲያ ምን ፈልገህ ነው አሉኝ።

«ርቦኛል አደይ፣ እናቴ» አልኳቸው። «የሚበላ ካለዎት ይስጡኝ።»

እንዲህ ብዬ ማንንም ለምኜ አላውቅም። ወይዘሮ ለተስላሴ እጃቸውን ሳይታጠቡ ብዙ አዩኝ፤ ቢያባርሩኝ ምን እንደማደርግ አስቤ አልነበረም። በመጨረሻ ተነሡና ገቡ፣ እኔም ተከትዬ ገባሁ።

ያቀረቡልኝ ቅጫ ብቻ ነው፣ ትንሽ ጨው ያለበት። የመጀመሪያውን ስቆርስ ምሕረት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አፍራ መስሎኝ ነበር። ወዲያው ገባኝ፤ ሰው ሲበላ እንዳታይ ያስለመዷት ነው። ከሕንፃው ጀርባ የምትሄደውም ለዚህ ኖሯል። አብራኝ ትብላ አልኳቸው። እናትየዋ እንግዳ ይቅደም አሉ። ግማሹን ስደርስ ለልጅ ማስተረፍ ወግ ነው ብዬ እጄን ሰበሰብኩ።

«ጨርሰው» አሉኝ።

ዓይናቸውን ከአፌ አላነሡም። ያንን ቅጫ እስከ መጨረሻው ቁራሽ የሚበላላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፣ እኔም ገብቶኝ ነበር። የማንን ድርሻ እንደምበላ እያወቅሁ ጨረስኩት። ከዚያ የከበደ ነገር ውጬ አላውቅም።

ሰሐኑን ተቀበሉኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «በል፣ አሁን ጠይቀኝ» አሉኝ።

እንደተማርኩት ከእሳቱ ጀመርኩ። ትናንት ጠዋት እሳቱን ማን አነደደ አልኳቸው።

«እኔ። ለድስቱ ነው፣ ድስት ልተኩስ። የኛ እሳት ሁልጊዜ ይነዳል ወደይ፣ እህል ግን አይጣድበትም።»

የአቶ ሐጎስ ዘዴ በየቤቱ ሠርቷል፣ እዚህ ቤት አልሠራም። ዘወር ማለቱን ተውኩና ምሕረት ትናንት ምን በላች ብዬ በቀጥታ ጠየቅሁ።

«ትናንት ምንም። የዛሬውን ደግሞ አንተ በላኸው።»

ይህን ሲሉ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የተጠየቁትን መለሱ እንጂ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው እግርሽን ታጠቢ አሏት፣ ነገ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ።

ምሕረት ተመለሰች። አቶ ሐጎስ ደንባቸውን ለወጡ። ሸክላ ሠሪዎቹና ቀጥቃጮቹ ቤት እኔን አስከትለው ዞሩ፤ የቀረበላቸውን ከቤቱ ልጅ ጋር አብረው እየበሉ ጠየቁ፣ ወሬውም ከተማውን አዳረሰ። አንዳንድ ሰው ከዚያ በኋላ ክሊኒክ ሲመጣ የእሳቸውን እጅ ይሸሽ ነበር። እሳቸውም እያዩ ሥራቸውን ቀጠሉ። በሃምሳው የሰበሰብነውን ዳይሬክተሩ ይዘው ሄደው አገረ ገዢው ፊት ቆሙ፣ ቀድሞ ተሳስቼ ነበር አሉ፣ እህሉም ተፈቀደ።

ምሳው የተጀመረ ዕለት ልጆቹ ተሰልፈው ንፍሮ ተቀበሉ። ምሕረትም የእሷን በእጆቿ ይዛ ከሕንፃው ጀርባ ሄደች። እኔም የራሴን ተቀብዬ ተከተልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተቀምጣ ነበር። በእሷና በግድግዳው መካከል ቦታ ትንሽ ነው፣ ጉልበቴን አጥፌ ገብቼ ተቀመጥኩ። ወዴት እንደምትዞር ግራ ገባት። እዪኝ አልኳትና መብላት ጀመርኩ። መጀመሪያ ዓይኗን ጨፈነች። ቆይታ አየችኝ፣ አየችኝና እሷም በላች። ሌሎቹ ልጆች ማዕዘኑ ላይ ቆመው ይመለከቱን ነበር። ያን ዕለት ወደ እኛ የመጣ አንድም ልጅ የለም። እኛ ግን ንፍሯችንን ጨረስን።